የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ከምረቃ በኋላም እንዲኖር

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበሰበው የውድድር ደብዳቤ ሲመጣ ነው። ከስፖርት ሳይንስ ሁለት ሦስት ልጆች፣ መረብ ኳስ የምትጫወት አንዲት ረጅም፣ ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ኳስ የነካች ሌላ አንዲት ይጠራሉ፤ ለሦስት ሳምንት ይሮጣሉ። ውድድሩ ያልቃል፣ ክረምት ሲገባ ግማሾቹ ይመረቃሉ፣ ማሊያው መጋዘን ይገባል። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ይሁን ቱሉ አውሊያ፣ ይህን ሥራ የሚጀምር አሰልጣኝ አስቀድሞ ሊቀበለው የሚገባ ነገር አለ፦ ዘንድሮ ሜዳ የሚገባው ቡድን የተሠራው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ዋናው ሥራ ያለው ኳስ ይዛ ከማታውቅ ፍሬሽማን ጋር ነው።

አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ አሰልጣኝ ልጆቹን ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ እያየ በስኮላርሺፕ ይመርጣል። እዚህ ተማሪ የሚመጣው በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ስለሆነ ማን እንደሚደርሰን አናውቅም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከጠበቀ ወዲህ ደግሞ (በ2014 ዓ.ም. ፈተና ማለፊያ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ) የሚገባው ተማሪ ራሱ አነሰ። ስለዚህ ምልመላው በምዝገባ ሳምንት፣ ልጆቹ ዶርማቸውን ሳይለምዱ መደረግ አለበት። ወር ካለፈ ልጅቷ ጓደኛዋንም የጥናት ሰዓቷንም ይዛ ጨርሳለች።

ቁመት ብቻ ማየት ያሳስታል። ለመጀመሪያ ምርጫ አንድ የቴኒስ ኳስና ግድግዳ ይበቃል። ልጅቷ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ርቃ ቆማ በቀኝ እጇ ወርውራ በግራዋ ትቀልባለች፣ ከዚያ በግራዋ ወርውራ በቀኟ፤ ለ30 ሴኮንድ። ኳሱ ሲያመልጣት ሮጣ አንስታ የምትቀጥለዋን ከረጅሟ አስቀድሜ እመዘግባለሁ። ቀጥሎ በ10 ሜትር ምልልስ አቅጣጫ ስትቀይር እግሯን እንዴት እንደምትተክል ማየት ነው። ከገጠር የመጡት ኳሱን ባያውቁትም ትንፋሽና እግር ይዘው ይመጣሉ፤ መረብ ኳስና እጅ ኳስ የተጫወቱት ደግሞ እጅ አላቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሩጫ ፈተና አይሰጥ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ከአፋር ወይም ከከሚሴ በኩል የመጣች ልጅ ሁለት ሦስት ሳምንት ትንፋሽ ያጥራታል። ያኔ «አትችይም» የተባለች ልጅ ዳግም አትመጣም። 24 ተመዝግበው ለሁለተኛው ሴሚስተር 12 ቢደርሱ ጥሩ ዓመት ነው።

ልጆቹ የሚቀሩት ከልምምዱ ክብደት ይልቅ በእራት ምክንያት ነው። ልምምዱ ከ10፡30 እስከ 12፡00 ሆኖ ከካፌው የእራት ሰዓት ጋር ከተጋጨ፣ የካፌ ተጠቃሚዋ ልጅ ሁለት ቀን እራት አልፏት በሦስተኛው ትቀራለች። ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት የተጫዋቾቹን ስምና የምግብ ካርድ ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በተማሪዎች አገልግሎት በኩል ለካፌው ይግባ፤ ምግባቸው ይቀመጥላቸው። አንድ ቅጂ ለሴቶች ዶርም ፕሮክተር፣ አንድ ደግሞ ለበር ጥበቃ። ቀኖቹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ቢሆኑ ይሻላል፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ዓርብ ደግሞ ጁምዓ አለ።

የወሎ ቡድን ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ላይ የሚሮጥበት ቡድን ስለሆነ የዓመቱ ዕቅድ ሁለቱንም የጾም አቆጣጠር ይዞ መነሣት አለበት። በ2017ም በ2018ም ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። በዚያ ወቅት ሩጫ ቀንሶ ከመግሪብ በፊት 40 ደቂቃ ሹት፣ ቅጣት ምትና የቦታ አያያዝ ብቻ ማሠራት ይበቃል። ከተራዊህ (የረመዳን የሌሊት ሶላት) በኋላ ማሠራት በወረቀት ያምራል፣ የዶርም በር ግን ይዘጋል። የጸጉር መሸፈኛን በተመለከተ የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) እ.ኤ.አ. በ2017 ፈቅዷል፤ ለቡድኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም መሆን አለበት፣ መርፌና ስፒል አይኖረውም። የእጅና የእግር መሸፈኛ የሚለብሱም ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም መያዝ አለባቸው። ለሁሉም ጥቁር ማዘዝ ጣጣውን ይጨርሰዋል። ይህን ሳያውቅ ልጅ ከሜዳ የሚያስወጣ ዳኛ ካለ ደንቡ ታትሞ በቦርሳ ይያዝ።

አሁን ወደ ሜዳው። ከዜሮ ለሚጀምር ቡድን ዋናው ትምህርት ሌይአፕ (ወደ ቀለበቱ ተጠግቶ ኳሱን ቦርዱ ላይ አስነክቶ ማስገባት) ነው፤ ጀማሪዎች በሚገናኙበት ጨዋታ አብዛኛው ነጥብ የሚመጣው ከቅርብ ነው። ሲማሩት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ልጅቷ ከቀለበቱ በስተቀኝ አንድ እርምጃ ርቃ፣ ሰያፍ ሆና፣ ግራ እግሯን ከፊት አድርጋ ትቆማለች። ድሪብል (ኳስ መሬት ላይ ማንጠር) የለም። ቀኝ ጉልበቷን አንስታ ኳሱን ቦርዱ ላይ በተሣለው አራት ማዕዘን የቀኝ ላይኛ ጥግ ላይ ታስቀምጣለች። ከአሥር ስምንቱ ሲገባላት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፦ ቀኝ፣ ግራ፣ ወደ ላይ። ከዚያ አንድ ድሪብል ይጨመራል። ሩጫው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በጣም የተለመደው ስህተት በቀኝ እግር መነሣት ነው፤ ሲሚንቶው ላይ ሁለት የእግር ምልክት በጠመኔ መሣልና «ቀኝ፣ ግራ» እያሉ ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ ማድረግ ያስተካክለዋል። ሁለተኛው ከቀለበቱ ሥር ገብቶ መዝለል ነው፤ እዚያ ከተደረሰ ቦርዱን መጠቀም አይቻልም። ሦስተኛው ኳሱን በኃይል መምታት ነው፤ የሩጫዋ ፍጥነት ኳሱ ላይ ስላለ አንጓዋ ለስላሳ መሆን አለበት። በየልምምዱ 20 በቀኝ፣ 20 በግራ። የግራውን ሲጠሉት ነው መጨመር ያለበት። አጠገቧ ያለችው ልጅ «አብሽሪ» የምትልበት ሰዓትም ያኔ ነው፤ ይህን ማስለመድ የአሰልጣኝ ሥራ ነው።

መከላከልን በዞን (እያንዳንዷ የሜዳ ክፍሏን በመጠበቅ) ማስጀመር ይቀላል፣ ውድድርም ያሸንፋል፤ ከሩቅ የሚያገባ ስለማይኖር። እኔ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ሰው ለሰው እመርጣለሁ። በዞን ያደገች ልጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ ፈጣን ተጋጣሚ ሲገጥማት እግሯን ማንቀሳቀስ አታውቅም፣ በእጇ ትይዛለች፣ በአምስተኛው ፋውል ትወጣለች።

ስለ ጉልበት ግን ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። የጉልበት ውስጥ ጅማት መበጠስ በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች ይበልጥ ይደርሳል፤ አብዛኛው ደግሞ ማንም ሳይነካት፣ ከዝላይ ስታርፍ ወይም ድንገት ስትዞር ነው። የእኛ ሜዳ ሲሚንቶ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። በየልምምዱ ከሙቀት ማሟሟቂያው ቀጥሎ አሥር ደቂቃ ማረፍን መማር አለባቸው። ከ30 ሴንቲ ሜትር ደረጃ ላይ ወርዳ በሁለት እግሯ ድመት እንደምታርፈው ያለ ድምፅ ታርፋለች፣ ጉልበቷን አጥፋ ሦስት ሴኮንድ ትቆያለች፤ ስምንት ጊዜ፣ ሁለት ዙር። ከፊት ለፊት በስልክ ይቀረጽ። ጉልበቶቿ ወደ ውስጥ ከተጠጋጉ የዳሌ ጡንቻዋ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ያ እስኪስተካከል ከፍ ካለ ቦታ አትዝለል። ከልምምድ በፊት ጠጠርና አሸዋ ይጠረግ፣ ሲሚንቶው እርጥብ ከሆነ ሩጫ የለም።

ቶሎ የምትደክምና ፊቷ የገረጣ ተጫዋች ሰነፍ ተብላ እንዳትታለፍ፤ የደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል ወደ ካምፓሱ ክሊኒክ ትላክ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከምስርና ከሽሮ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳሉ። ወሎ ውስጥ ቡና ተዉ ማለት አይቻልም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት አርቁት ማለት ግን ይቻላል።

በአሜሪካ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ የነበሩት ፓት ሰሚት እ.ኤ.አ. በ1974 ሥራ ሲጀምሩ 22 ዓመታቸው ነበር፤ የቡድኑን መኪና ራሳቸው ይነዱ፣ ማሊያውንም ራሳቸው ያጥቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያበቁ 1,098 ድልና 8 የአገር ዋንጫ ይዘው ነው። ለእኔ ከዋንጫው የሚበልጠው፣ የጨዋታ ዘመናቸውን በእሳቸው ሥር የፈጸሙ ተጫዋቾች በሙሉ መመረቃቸው ነው። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ከፊት ሦስት ረድፎች እንዲቀመጡ ያዝዙ ነበር። ይህኛው ገንዘብ አይጠይቅም። እኛ ዘንድ ውጤቷ ከ2.00 ወርዶ ዋርኒንግ የወጣባት ልጅ መጀመሪያ የምትተወው ኳሱን ነው፣ ቤተሰብም «ኳሱ ነው ያጠፋሽ» ይላል። ከሚድ ፈተና በፊት ባለው ሳምንት ልምምዱን ወደ ሁለት ቀን አውርዶ ነባሮቹ ፍሬሽማኖቹን የሚያስጠኑበት ሰዓት ማድረግ ቡድኑን ያቆያል።

ዕቃ በበጀት ዓመት ነው የሚሄደው፣ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30፤ ጥያቄው ሐምሌና ነሐሴ ካልገባ ማሊያው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። መግለጫው ላይ «የቅርጫት ኳስ» ብቻ ከተጻፈ የወንዶቹ መጠን 7 ይመጣል። «መጠን 6፣ ጎማ፣ ለውጭ ሜዳ» ተብሎ ይጻፍ፤ መጠን 6 ከ510 እስከ 550 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ቆዳው ደግሞ ሲሚንቶ ላይ ቶሎ ይላጣል። ለሁለት ልጅ አንድ ኳስ ያስፈልጋል። ቁምጣ ነጭ አይታዘዝ፤ በወር አበባ ቀናቸው የሚሳቀቁት በዚህ ነው። ደንቡ ማሊያና ቁምጣ በዋና ቀለም አንድ እንዲሆኑ ስለሚጠይቅ ማሊያውም ከነጭ ሌላ ይሁን። በድንገተኛ ሕክምና ቦርሳው ውስጥ ሞዴስ አይጥፋ። ቀለበቱ 3.05 ሜትር መሆኑ በሜትር ይለካ፤ ወለሉ እንደገና በሲሚንቶ ሲለበጥ ብዙ ጊዜ ያንሳል። የዕቃው ዝርዝርም በሁለት ቅጂ ይያዝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፏል፤ ምን እንደነበረ ያልተጻፈለት ክፍል ምን እንደሚተካለትም መጠየቅ ይቸግረዋል።

የወዳጅነት ጨዋታ ለመጀመር የደሴና የኮምቦልቻ ካምፓሶች ይበቃሉ፤ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ሲወርዱ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚወረድ ደሴ ላይ የተነፋ ኳስ ኮምቦልቻ ላይ ለስለስ ይላል፣ ድሪብሉ ያጥራል፤ ፓምፕና መርፌው አብሮ ይሂድ። ሙቀቱም ሌላ ነው፣ ለአንዲት ልጅ ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ ይያዝ። ኮምቦልቻ የተነፋው ደግሞ ደሴ ሲወጣ ይጠነክራል፣ ቀለበቱን መትቶ ርቆ ይነጥራል፤ ከማሟሟቂያው በፊት ትንሽ ይተንፈስ።