የጊታሬ ጭረት፣ የመኪና ፖሊሽና አንድ ስኒ ውሃ

ጥፋቱ የኔ ነው። ጊታሩን ፍራሽ ላይ አስተኝቼ ወጣሁ። ስመለስ የእህቴ ልጅ የቆርቆሮ መኪናውን የጊታሩ ፊት ላይ ወዲያና ወዲህ እየነዳበት ነው። «ዳገት እየወጣሁ ነው» አለኝ። የደሴ ልጅ አይደል፣ መንገድ ሁሉ ዳገት ይመስለዋል። ተቆጣሁት ብል ውሸት ነው፤ ሳቄ መጣ።

ሳቁ የቆየው እስከ ማግስቱ ጠዋት ነው። ፀሐይ በመስኮት በጎን ስትገባ ፊቱ የሸረሪት ድር ያደራበት መሰለ። ማታ በአምፖል ምንም አይታይም ነበር። ጭረት የሚታየው ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ነው። ከዚያ ወዲህ ስመረምር የስልኬን ባትሪ አብርቼ አጋድሜ ነው የምይዘው።

ጊታር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ትዝታ እጄ ገብቷል፣ አሁን ከባቲ ጋር እየታገልኩ ነው። እዚህ የምጽፈው ግን ስለ ቅኝት አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ስለፈጀብኝ ማስተካከል ነው። እንደኔ ርካሽ፣ የሚያብለጨልጭ የፋብሪካ ጊታር ላላችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ የጥፍር ሙከራ አደረግኩ። ጥፍርህን ጭረቱን አቋርጠህ ቀስ ብለህ ትጎትታለህ። ሳይሰማህ ካለፈ ጭረቱ ላይ ላዩን ነው፣ ይወጣል። ቀጭ ብሎ ከያዘህ ጥልቅ ነው፣ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። የኔዎቹ ሁሉም ማለት ይቻላል ላይ ላዩን ነበሩ። ከብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ፊቱ ላይ ከሚታሰሩበት እንጨት፣ በታች ያለችው አንዷ ብቻ ያዘችኝ።

ቀጥሎ ያደረግኩት ሞኝነት ነው። የጥርስ ሳሙና። ሰው ሁሉ ይመክረዋል፣ እውነትም ውስጡ የሚፍቅ ዱቄት አለው። ግማሽ ሰዓት አሸሁ። ጭረቶቹ እዚያው አሉ፤ ዙሪያቸው ግን ደብዝዞ ጭጋግ የለበሰ መሰለ። ጊታሩ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ሚንት ሚንት ሸተተ።

ሁለተኛው ሞኝነት ከዚህ ይብሳል። በእንግሊዝኛ ያነበብኳቸው መመሪያዎች መጀመሪያ ቆሻሻውን «በናፍታ» አጽዳ ይላሉ። እኔ ናፍጣ አልኩ። ጎረቤታችን አይሱዙ የሚነዳ ነው፣ ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። «ለምንህ ነው?» ሲለኝ ነገርኩት። ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ። «በሊትር ስንት ይሄዳል ጊታሩ?» አለ። ደግነቱ አልሰጠኝም። እነሱ ናፍታ የሚሉት ቶሎ የሚተን፣ ቅባት የሌለው ፈሳሽ ነው፤ ድሮ በክር የሚሠራ ላይተር ውስጥ የሚጨመረው ዓይነት። የኛው ናፍጣ ቅባታም የመኪና ነዳጅ ነው። ስም አንድ መሰለ ተብሎ እንጨት ላይ አይፈስም። እኔ በመጨረሻ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ባለው፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ አጸዳሁት፤ በቂ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከሠፈራችን ታች ካለ ጋራዥ ነው። መኪና የሚቀቡ አንድ አባት አሉ። «ጋሼ፣ ጭረት የሚሞላ ነገር ይኖርዎታል?» አልኳቸው።

«የሚሞላ የለም ልጄ። ጭረት ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን አትሞላውም፣ ሜዳውን ዝቅ ታደርገዋለህ።»

«ሜዳው ካለቀስ?»

«ካለቀማ እንጨቱን ታገኘዋለህ» አሉና ሳቁ።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የትም አላገኘሁም። ፖሊሽ ጭረትን አያጠፋም። በዙሪያው ያለውን ሽፋን እየፋቀ ከጭረቱ ጋር እኩል ያደርገዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሸት ወጪ ነው።

ምን ያህል ወጪ መክፈል እንደምትችል የሚወስነው የሽፋኑ ዓይነት ነው። አብዛኞቹ የሚያብለጨልጩ የፋብሪካ ጊታሮች ፖሊዩሬቴን ወይም ፖሊስተር የተቀቡ ናቸው፤ ጠንካራ ነው፣ ወፈርም ይላል። ውድና አሮጌ ጊታሮች ላይ ብዙ ጊዜ ናይትሮሴሉሎስ ላከር የሚባል ቅብ አለ፤ ስስ ነው። በእጅ የተሠሩ ክላሲካል ጊታሮች ደግሞ ሼላክ የሚባል ቅብ የተቀቡ ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህን ሁለቱን አሴቶን፣ ማለትም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው፣ ያበላሻቸዋል። እንዲህ ያለ ጊታር እጃችሁ ከገባ አትንኩት፣ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ፊቱ ማት የሆነ፣ የማያብለጨልጭ ጊታርም ፖሊሽ አይደረግም። ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ አድርጎ አይቷል። ጭረቱ ጠፋ፣ በቦታው ግን ራሰ በራ የመሰለ የሚያብረቀርቅ ክብ ቀረ። አሁን ያቺን ክብ በክንዱ ሸፍኖ ነው የሚጫወተው።

ቅዳሜ ጀመርኩ። ሠፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚያስፈልገኝ ግን አንድ የቡና ስኒ ብቻ ነበር። ክሮቹን እያላላሁ አወጣኋቸው። የድምፅ ቀዳዳውን በጋዜጣ ወተፍኩ፣ የብሪጁን ዙሪያ በወረቀት ፕላስተር ከለልኩ። ውሃ በቀዳዳ ወይም በቡለን በኩል ወደ ጥሬው እንጨት ከገባ እንጨቱ ያብጣል፣ ሽፋኑም ይሰነጠቃል። ስኒ የሞላ አይፈስስም፣ ጠብታ ነው።

ጋሼ የሰጡኝ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ በውሃ የሚሠራበት። ቁጥሩ ሲጨምር ይለሰልሳል። 1500 ለባሰ ጭረት ነው አሉኝ፤ እኔ አልነካሁትም። ወረቀቱን አንድ ጠብታ ሳሙና ባለው ውሃ ነክሬ ላጲስ ላይ ጠቀለልኩት። በጣት ብቻ ካሸህ ጣትህ ያረፈበት ይጎደጉዳል፣ ላጲስ ግን እኩል ይጫናል። መጫንም አያስፈልግም፤ የጊታር ፊት እንጨቱ ራሱ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ አጭር አጭር። ከዳሩ ራቅ፤ ዳር ላይ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። አሬራ የመሰለ ነጭ ውሃ ወጣ። ነጩ የሚፋቀው ሽፋን ነው፣ ጤነኛ ነው። የእንጨት ወይም የቀለም መልክ ካየህ ግን እጅህን አንሳ።

ጠርጌ ሳየው ልቤ ወረደ። ጭረቶቹ የሉም። ብርሃኑም የለም። መዳፍ የሚያህል ቦታ በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም እንደወረደበት ነጭ ሆኗል። እህቴ መጥታ አየችና «የባሰውን አመጣኸው» ብላ ሄደች። ቡና አፍልታ ነበር፤ ሳልጠጣ አቦሉም ቶናውም አለፈኝ። ስልክ ደውዬ ለጋሼ ስነግራቸው «አብሽር፣ እንደዚያ ነው የሚሆነው» አሉኝ። ጉሙ የ2000ው ወረቀት ራሱ የፈጠረው ደቃቅ ጭረት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ጉም መሰለ እንጂ ሌላ አይደለም።

በበረካው ተመለስኩ። ሁለት ዓይነት የመኪና ፖሊሽ ነበረኝ፣ ሻካራውና ለስላሳው። ሲሊኮን የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ፤ ሲሊኮን ከገባበት ወደፊት ቀለም ወይም ላከር አልይዝ ይላል። ከአሮጌ ከነቴራ ሁለት ቁራጭ ቀደድኩ፣ ለየፖሊሹ አንድ አንድ። ጨርቁን ካቀላቀልክ ለስላሳውን አበላሸኸው። መሬት ከወደቀም አትመልሰው፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ሙሉ ቀን ያስለቅሳል።

የምስር ፍሬ የሚያህል ፖሊሽ፣ ትንሽ ቦታ፣ ክብ ክብ፣ እስኪደርቅ። ድሪል ላይ ስፖንጅ ሰክቶ የሚሠራ አለ፤ ሙቀቱ ሽፋኑን ሊጎዳው ስለሚችል ለጀማሪ አልመክርም። እጅ ይደክማል እንጂ አያቃጥልም። ሻካራውን ሃያ ደቂቃ ያህል እንዳሸሁ ጉሙ ከመሃል ጀምሮ ተገፈፈ። መጀመሪያ የመስኮቱ ቅርጽ ታየኝ፣ ቀጥሎ የመስኮቱ ፍርግርግ፣ መጨረሻ ላይ ውጭ የተሰጣው ልብስ። ለስላሳውን የጨረስኩት እሁድ ነው።

ያቺ ጥፍሬን የያዘችው አንዷ አለች። ጠርዟ ለስልሶ ደብዘዝ ብላለች እንጂ አልወጣችም። እሷን ለማጥፋት ሜዳውን ሁሉ እስከ ታችዋ ማውረድ ነበረብኝ፤ አላደረግኩትም። እንዲህ ያለውን ፖሊስተር ላይ ንጹሕ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጎ፣ ሲደርቅ አስተካክሎ መፋቅ ይቻላል። ልሞክረው አስቤ ጠርሙሱን ከፈትኩ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ ዘጋሁት። መጀመሪያ ቁራጭ እንጨት ላይ እለማመዳለሁ።

አዲስ ክር አስገብቼ ቃኘሁት። ድምፁ አልተለወጠም፣ ባቲም እንደድሮዋ እያስቸገረችኝ ነው። የእህቴ ልጅ መጥቶ ጣቱን ፊቱ ላይ አሮጠ። ከብሪጁ በታች ሲደርስ ቆመ። «አንድ መንገድ ቀርታለች» አለ።

ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ምስማሩን የመታሁት ወንበር ላይ ቆሞም ከማይደርስበት ነው።