ቪትዜ ሸገርን ሰማች

እሑዴን ሙሉ ቪትዜ ውስጥ ተጣጥፌ ዋልኩ። ወገቤን አትጠይቁኝ።

መኪናዋ የ2002 ሥሪት ናት፣ ከጃፓን የመጣች። ቴፗም ጃፓናዊ ነው፤ ኤፍ ኤሙ ከ76 ይጀምርና 90 ላይ ያበቃል። ሸገር 102.1፣ ፋና 98.1። አይደርስባቸውም! ስለዚህ ለ3 ዓመት ሹፌርም ዘፋኝም እኔው ነበርኩ።

ትናንት ሶማሌ ተራ ወርጄ ብሉቱዝ ያለው ቴፕና ሁለት የበር ስፒከር ገዛሁ። ዛሬ ጠዋት በ10 ቁልፍ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ዳሽቦርዱን በካቻቢቴ ስፈለቅቅ "ቀጭ" አለ። አንድ ክሊፕ ሄደ። ይሁን።

ጉዱ ሽቦው ላይ ነው። የአዲሱ ቴፕ ቢጫ ሽቦ ሁልጊዜ ከባትሪ ኃይል ያገኛል፤ ሰዓቱንና የያዝናቸውን ጣቢያዎች የሚያስታውሰው በሱ ነው። ቀዩ ኃይል የሚያገኘው ቁልፉ ሲዞር ብቻ ነው። ጥቁሩ ማሳ ነው፣ ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰረው። እኔ ሆዬ ቢጫና ቀዩን አቀያይሬ አሰርኳቸው። ቴፑ ይሠራል፣ ግን መኪናዋን ባጠፋሁ ቁጥር ሁሉን ይረሳል።

እሱን አስተካከልኩ። ድምፁ ግን ቀጭን ሆነብኝ። ጎረቤቴ በአጥር በኩል ብቅ ብለው "ልጄ፣ ይሄ ነገር ጉንፋን ይዞታል እንዴ?" አሉኝ። ለካ የግራውን ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ገልብጬዋለሁ። አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ እየሳበ ቤዙን ያጠፉታል። ሁለቱን ሽቦ ባዞርኩ ጊዜ በሩ ራሱ ተንቀጠቀጠ!

11 ሰዓት ላይ 102.1 ጥርት ብሎ ገባ።

አሁን የቀኙ መስኮት አይወርድም። ሶኬቱን ሳልሰካ በሩን ገጥሜዋለሁ መሰለኝ።