በእንግሊዝኛ ተምሬ በጃፓንኛ ሥራ ስፈልግ

ቶኪዮ ውስጥ ጥሬ ቡና በሚያስመጣ ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከላኪዎቻችን ጋር በአማርኛ፣ ከቡና ቆዪዎቹ ጋር በጃፓንኛ ስነጋገር እውላለሁ። ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ከአዲስ አበባ የሚመጡ ልጆች እኔ የተሰጠኝን ምክር ዛሬም እየተሰጣቸው መሆኑን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። ምክሩ «ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጃፓንኛ አያስፈልግህም» የሚል ነው። ለመመረቅ እውነት ነው፤ ለመቀጠር ግን ሐሰት ነው።

ጅምሩ አያስፈራም። ሁለቱ የድምፅ ፊደላት በጥቂት ሳምንታት ይያዛሉ። ሰዋስዉም ለእኛ ይቀርባል፤ ግሡ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ገላጩም ከስሙ ይቀድማል። ከቻይና የመጡት የቃል ምልክቶች፣ ካንጂ፣ ግን ጊዜ ይበላሉ፤ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የተደነገጉት ብቻ 2,136 ናቸው። በየቀኑ ከማንበብ ሌላ መላ አላገኘሁላቸውም።

ብዙ ኩባንያዎች የጃፓንኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተናውን ሁለተኛ ደረጃ፣ ኤን 2 የሚባለውን ይጠይቃሉ። ከ180 ነጥብ 90 ማምጣት፣ በእያንዳንዱ ክፍልም ከ60 ቢያንስ 19 ማግኘት ያስፈልጋል። አለፍኩት።

ያቃጠለኝ የቅጥሩ የጊዜ ሰሌዳ ነው። የጃፓን ትልልቅ ኩባንያዎች አዲስ ተመራቂዎችን በጅምላ ቀጥረው ኤፕሪል 1 ሥራ ያስጀምራሉ። የቅጥር ገለጻው የሚከፈተው ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ማርች 1 ነው፤ ቃለ መጠይቁ ከጁን 1፣ መደበኛው የቅጥር ስምምነት ከኦክቶበር 1 ይጀምራል። ይህ በወረቀት ያለው ነው፤ ቀድመው የሚመርጡም ሞልተዋል። እኛ ደግሞ በኦክቶበር ገብተን ሁለት ዓመት ተምረን በሴፕቴምበር እንመረቃለን። ስለዚህ ውጤቱ ለማርች የሚደርሰው የመጨረሻው ፈተና ከመጣን በሁለተኛው ዲሴምበር የሚሰጠው ነው። ይህን ሂሳብ ያሰላልኝ አንድም ሰው አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው የሥራ ምክር ክፍል ኃላፊ ስጠይቃቸው «መጀመሪያ የመመረቂያ ጽሑፍህን ጨርስ፤ ከዚያ ና» አሉኝ። ጨርሼ ስመለስ ወቅቱ አልፎ ነበር። እኒያ ሰው ደመወዝ የሚከፈላቸው ይህንኑ እንዲነግሩኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቃለ መጠይቁም ሌላ ፈተና ሆነ። የኤን 2 ምስክር ወረቀት የሚመዝነው ቃላትና ሰዋስው፣ ንባብና ማዳመጥ ነው፤ የንግግር ክፍል የለውም። አንዱ ጠያቂ «ስልክ ተደወለ፤ ደንበኛ የክፍል ኃላፊውን ፈለገ፤ ኃላፊው የሉም፤ መልስ» አለኝ። እኛ አለቃችንን በማንም ፊት «እርሳቸው» እንላለን። ጃፓኖች ግን በደንበኛ ፊት የራሳቸውን አለቃ ከማዕረጉ አውርደው በባዶ ስሙ ይጠሩታል፤ አክብሮቱ ሁሉ ለደንበኛው ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲው የሰጠኝ የቋንቋ ኮርስ ዕቃ መግዛትና መንገድ መጠየቅ ሲያስተምር ከርሞ ይህን አንድም ቀን አላነሣውም።

ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ለሚፈልጉ የሚሰጠውን የስድስት ወር ቪዛ አወጣሁ፤ አንድ ጊዜ ይታደሳል። መንገዱን ያሳዩኝ በቶኪዮ ካትሱሺካ የሚኖሩ ነባር ኢትዮጵያውያን ናቸው። አንድ ጋሼ «ልጄ፣ ወረቀት መሰብሰቡን ተወውና ስልክ የምታነሣበት ሥራ ያዝ» አሉኝ። በሳምንት እስከ 28 ሰዓት የሚፈቅደውን የሥራ ፈቃድ አውጥቼ ትንሽ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ገባሁ። ዩኒቨርሲቲው የትርፍ ሰዓት ሥራ ትምህርት ያበላሻል ይላል። እኔ ደግሞ ገና ተማሪ ሳላችሁ ፈቃዱን አውጡና ጀምሩ እላለሁ። ብቻ አብዛኞቻችን የምንሄድበት የሌሊት ምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ ጥሩ ይከፍላል እንጂ አንድ ቃል አያስተምርም።

ያቺ የስልክ ጠረጴዛ ናት የቀጠረችኝ። አሁን ያለሁበት ድርጅት ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ዲግሪዬ ብዙም አልጠየቀኝም፤ ደንበኛ አስመስለው አናገሩኝ እንጂ።

ፍላጎቱ ያለው መካከለኛና ትንንሽ ድርጅቶች ውስጥ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ካገኘች ወዲህ ግዢው ክፉኛ ወድቆ ነበር። ጭነቱ ለምን ጂቡቲ ላይ እንደቆመ፣ የላቦራቶሪው ውጤት ለምን እንደዘገየ ለተቆጣ ገዢ በራሱ ቋንቋ፣ በተገቢው ትሕትና የሚያስረዳ ሰው ይፈለጋል። እንግሊዝኛ የሚችል ሠራተኛ አላቸው። የጃፓን የውጭ ንግድ ድርጅት ጄትሮም በ2016 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ቢሮ ስለከፈተ፣ ቋንቋው አገር ቤት ለሚመለሱም ይጠቅማል።

ከኤን 2 በኋላ መምህራን ሁሉ ወደ ከፍተኛው ደረጃ፣ ወደ ኤን 1 ይገፏችኋል። እኔ የንግድ ጃፓንኛ ፈተናውን፣ ቢ.ጄ.ቲ.ን እመርጣለሁ። ጥያቄዎቹ ስብሰባ፣ ስልክና የሥራ ደብዳቤ ናቸው፤ ከ800 ነጥብ 480 ያመጣ ሰው በነጥብ ተሰልቶ ለሚሰጠው የከፍተኛ ባለሙያ ቪዛ ከሚፈለገው 70 ነጥብ ልክ እንደ ኤን 1 ባለቤት 15 ይታሰብለታል። እኔ 480ን አልፌ በዚያው መንገድ አመልክቻለሁ።