የአንገት እጢ ቲቢን ታክሜ የዳንኩበት መንገድ

የአንገት እጢ ቲቢ ሰውን የሚያዘናጋው ብዙ ጊዜ ስለማያም ነው። እኔን ከጆሮዬ ዝቅ ብሎ፣ አንገቴ ጎን ላይ ጀመረኝ። ሽንብራ የሚያህል፣ ጠንከር ያለ ነገር ነበር። ቀስ በቀስ አጠገቡ ሌሎች ወጡና እርስ በርስ ተያያዙ። ሳል የለኝም፤ አክታ የለኝም። ማታ ማታ ያልበኝ ነበር፤ ግን ድሬዳዋ ውስጥ የግንቦትን ሌሊት ላብ እንደ ሕመም የሚቆጥር የለም። መጀመሪያ ያየኝ ክሊኒክ አሞክሲሲሊን አዘዘልኝ። ወስጄ ጨረስኩት፤ እብጠቱ ንቅንቅ አላለም።

መጋላ ሰፈር ያለችው አክስቴ የራሷ ሐሳብ ነበራት። «አቦ አንቺ ልጅ፣ ሐኪም ቤት መንከራተቱን ተይው! የጎረቤቴ ልጅ በጋለ ብረት ተተኩሳ አይደል እንዴ የዳነችው?» አለችኝ።

አክስቴ ውሸት አታውቅም። የልጅቷም እብጠት በእርግጥ ጠፍቶ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ይህ በሽታ ያለ ምንም መድኃኒት ያብጣል፣ ይጎድላል፣ ለወራት ይተኛና ተመልሶ ይነሳል። በጎደለ ሰሞን የተደረገ ነገር ሁሉ ፈውስ ይመስላል።

አውሮፓም እንዲሁ ነበር። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ይህ በሽታ የንጉሥ እጅ ሲነካው ይድናል ብለው ለብዙ መቶ ዓመታት አምነዋል። የእንግሊዙ ዳግማዊ ቻርልስ ብቻ ከ90,000 በላይ ሕመምተኞችን እንደዳሰሰ ተመዝግቧል። ዝነኛውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ሳሙኤል ጆንሰን ገና ሕፃን ሳለ፣ በ1712 እ.ኤ.አ.፣ ንግሥት አን ዳስሳው የወርቅ ሜዳልያ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎለታል። ጠባሳው ግን ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖረ። የቲቢን ጀርም ሮበርት ኮክ ለዓለም ያሳወቀው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጀርሙን የሚገድለው የመጀመሪያው መድኃኒት፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ የተገኘው ደግሞ በ1943 እ.ኤ.አ.።

እኔን ከዚህ ሁሉ ክርክር ያወጣኝ ቀጭን መርፌ ነው። ሐኪሙ እብጠቱን በሁለት ጣቶቹ ቆንጠጥ አድርጎ ያዘ፣ በአልኮል ጠረገው፣ መርፌውን አስገብቶ ወዲያ ወዲህ እያደረገ ሳበ። የመጣው ወፍራም፣ ነጣ ያለ ነገር ነበር። ከፊሉን መስታወት ላይ ጠብ አድርጎ በሌላ መስታወት ለጠጠው፤ የቀረውን ለጂን ኤክስፐርት ላከው። ይህ ማሽን ጀርሙ መኖሩን ብቻ ሳይሆን፣ ሪፋምፒሲን የተባለው ዋና መድኃኒት ይሠራበት እንደሆነም ያሳያል። ቲቢ ሆነ፤ መድኃኒቱም ይሠራበታል ተባለ። አንገቱ ላይ ለሳምንታት የቆየ እብጠት ያለበት ሰው ይህን ምርመራ ይጠይቅ። መብጣትና መተኮስ መግል እያፈሰሰ የማይገጥም ቁስል ሊያተርፍ ይችላል።

ሕክምናው 6 ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶች በአንድ ኪኒን ተዋህደው ይሰጣሉ፤ በቀሪዎቹ 4 ወራት ሁለቱ ብቻ። ሽንት ብርቱካንማ ቀይ ይሆናል፤ አትደንግጡ፣ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ትውከት አላባራ ካለ ግን ጉበት ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያኑ ቀን መታየት ያስፈልጋል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴትም ለነርሷ ትንገራት፤ ሪፋምፒሲን ኃይሉን ያዳክመዋል።

ከሁሉ የከበደኝ መሀል ላይ የሆነው ነው። ላቡ ጠፍቷል፣ ምግብ ይበላልኛል፣ ክብደት ጨምሬያለሁ። እብጠቱ ግን በድንገት አደገ፤ አጠገቡም አዲስ ወጣ። አክስቴ አይታኝ «በይ እንግዲህ» አለች። ነርሷ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ጀርሙ እየሞተም ሰውነት በቅሪቱ ላይ እንደገና ሊቆጣ ይችላል፤ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ሐኪም ግን አይቶ፣ ጀርሙ መድኃኒት የተላመደ አለመሆኑን ማጣራት አለበት። አጣሩልኝ፤ ያንኑ ኪኒን ቀጠልኩ፤ እብጠቱም እያደር ወረደ። እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ የሚያቋርጥ ሰው እንዳለ ሳስብ ያንገበግበኛል።

መሥሪያ ቤት ብርጭቆዬን የለየብኝ ሰው ነበር። የእጢ ቲቢ በብርጭቆም በመጨባበጥም አይተላለፍም። የሚተላለፈው የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል ነው። እኔም ሳንባዬ ነፃ መሆኑን በራጅ አረጋገጥኩ፤ የኤችአይቪ ምርመራም አደረግሁ። ከዚያ ነርሷ «በቅርብሽ የሚያስል ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የእረፍት ቀኔን የማሳልፈው አክስቴ ቤት ነው፤ ባለቤቷ ደግሞ ሲያስል ከርሟል። አክስቴ መጀመሪያ ተቆጣች። በኋላ ራሷ ይዛው መጣች። አክታው ላይ ቲቢ ተገኘበት፤ ኪኒኑን ጀምሯል። የልጅ ልጆቻቸውም ተመርምረዋል።