ዶርም ሲዘጋ የት ትሄዳላችሁ?

አሜሪካ አዳሪ ትምህርት ቤት ልትገቡ ከሆነ፣ ወይም ልጃችሁን ልትልኩ ከሆነ፣ ስለ ቪዛ የሚያወራችሁ ሰው አታጡም። እኔ ማሳቹሴትስ ስገባ ማንም ያልነገረኝ ሌላ ነገር ነበር። ዶርሙ በየዕረፍቱ ይዘጋል። ተማሪው ይወጣል፣ በሩ ይቆለፋል።

ወረቀቱን ቶሎ ልለፈው። ትምህርት ቤቱ አይ-20 የሚባለውን የቅበላ ወረቀት ይልካል፣ 350 ዶላር የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ ኤምባሲ ትቀርባላችሁ። በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ፣ የመንግሥት ሃይስኩል ከ12 ወር በላይ መማር ስለማይቻል ብዙ ሰው ወደ ግል አዳሪ ትምህርት ቤት ያዘነብላል። የክትባት ካርዳችሁን ያዙ። ቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) የተከተበ ሰው በቆዳ ምርመራ ቲቢ ያለበት ሊመስል ይችላልና የደም ምርመራ ይደረግልኝ በሉ። አገር ቤት ደርሳችሁ ልትመለሱ ካሰባችሁ ደግሞ አይ-20ው ላይ የጉዞ ፊርማ አስፈርሙ። የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው።

አሁን ወደ ጓደኛ ጉዳይ። ገና እንደገባን «ከውጭ ተማሪዎች ጋር ብቻ አትሰባሰቡ፣ ከአሜሪካውያኑ ጋር ተቀላቀሉ» ተባልን። እኔ በዚህ አልስማማም። አሜሪካውያኑ ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ክፍል ውስጥም ሜዳ ላይም ተግባብተናል። ግን ዓርብ ማታ ብዙዎቹን ቤተሰብ መጥቶ ይወስዳቸዋል። ቅዳሜ ማታ ሳሎኑ ውስጥ የሚቀሩት የጋና፣ የቬትናም፣ የኮሪያና የሜክሲኮ ልጆች ነበሩ። አንድ ማሰሮ ኑድል ለአምስት የተካፈልነው፣ እናት ስትናፍቅ አብረን ያለቀስነው ከነሱ ጋር ነው። ቅዳሜ ማታ ማን እንደሚቀር አይታችሁ ከዚያ ጀምሩ።

የኅዳሩ ዕረፍት፣ ታንክስጊቪንግ የሚባለው፣ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ላይ ይውላል። ዶርማችን የሚዘጋው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነበር። መሄጃ የሌለው ተማሪ አስተናጋጅ ቤተሰብ ይፈለግለታል ተብሎ መመሪያው ላይ ተጽፏል። ፎርሙን በጊዜ ሞልቼ አስገባሁ። «ቤተሰብ ተገኝቶልሻል፣ አታስቢ» ተባልኩ። እኔም አላሰብኩም።

ዶርሙ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ኢሜይል መጣ። ቤተሰቡ አልተመቻቸውም፣ ሌላ አማራጭ ካለሽ አሳውቂን ይላል። አማራጭ ካለሽ! የ16 ዓመት ልጅ ነኝ፣ ወላጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። ይሄን ፋይሌ ላይ ያነበበ ሰው ነው የሚጽፍልኝ።

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበረች። ነርስ ናት፣ ቤት ተከራይታ ራሷን ችላ ትኖራለች፤ ባቡር ቲኬት ልትቆርጥልኝም ዝግጁ ነበረች። ጉዳዩን የያዙት የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የአክስቴን ልጅ ዕድሜ ጠየቁኝ። 23 አልኩ። «አስተናጋጅ ከ25 በታች መሆን አይችልም» አሉና ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ። እናቴ የፈቃድ ደብዳቤ ብትጽፍስ? ይቻላል፣ ግን ዛሬውኑ በስካነር ተነስቶ መምጣት አለበት፣ የስልክ ፎቶ አንቀበልም። ሰዓቱ እዚያ ከቀኑ ዘጠኝ፣ አዲስ አበባ ከምሽቱ አምስት ነው። በዚያ ሰዓት የትኛው ኮፒ ቤት ክፍት ይሆናል? እናቴ ወረቀቱን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አድርጋ፣ በአንድ እጇ አምፖል ይዛ ፎቶ አነሳችው። ፊርማዋ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። አልተቀበሉትም። ደግሞ የዕድሜው ነገር እንዳለ ነው፤ ታዲያ እናቴን በእኩለ ሌሊት ለምን አስለፏት? ይሄ እስከዛሬ ያናድደኛል።

ያዳነችኝ ጋናዊቷ ጓደኛዬ ናት። ወሬውን ሰምታ ክፍሌ መጣችና «ሻንጣሽን አዘጋጂ፣ አክስቴ ጋ ነን» አለችኝ። አክስቷ ዉስተር ከተማ ነው የሚኖሩት፤ እዚያ ብዙ ጋናውያን አሉ። ከመጀመሪያው የተፈቀደላቸው አስተናጋጆች ዝርዝር ውስጥ ስለነበሩ፣ ራሳቸው ደውለው «ሁለቱንም እወስዳለሁ» አሉ። በአንድ ስልክ አለቀ።

ሌላው ጭንቀቴ ጾሙ ነበር። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ የነሱ የቱርክ ዶሮ ድግስ ብዙውን ጊዜ ጾሙ ላይ ይወድቃል። መኪና ውስጥ አፍሬ ነገርኳቸው። ሐሙስ ዕለት ለእኔ ለብቻዬ አደንጓሬ የሚመስል ባቄላ በቀይ የዘንባባ ዘይት ሠሩልኝ። ሌላ ጊዜ የሚጨምሩበትን ዓሣ ትተው፣ ከጎኑ ሙዝ የሚመስለውን ፕላንቴን፣ የበሰለውን፣ ጠብሰው አቀረቡ። «እኔም ቤተክርስቲያን እጾማለሁ፣ ብዪ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ «አንቲ» እንጂ በስም ጠርቻቸው አላውቅም። የመጋቢቱንም ዕረፍት እሳቸው ጋ ነው ያሳለፍኩት።

እንግዲህ የኔ ምክር ይሄ ነው። ትምህርት ቤቱ «እኛ እናመቻቻለን» ቢልም አትጠብቁ። ገና አዲስ አበባ እያላችሁ ከ25 ዓመት በላይ የሆኑ ሁለት ሰዎች ፈልጉና ስማቸውን በነሐሴ አስመዝግቡ፤ አንዱ ቢቀር ሌላው አለ። ወላጆቻችሁ የዓመቱን ዕረፍቶች ሁሉ የሚሸፍን የፈቃድ ደብዳቤ ፈርመው፣ በስካነር አስነስተው ይስጧችሁ። ጾማችሁንም ቀድማችሁ ተናገሩ፣ አትፈሩ። የኛ የገና በዓል በጃንዋሪ 7 ነው፤ ያኔ ትምህርት ተጀምሯል፣ ስለዚህ ለበዓሉ ፈቃድ ከዕረፍቱ በፊት ጠይቁ።

ለአስተናጋጆቻችሁ የተቆላ ቡና ያዙላቸው። ቋንታ ግን አትያዙ፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱባችኋል።