ለሚመለከተው ሁሉ

ሐምሌ 2013 ላይ አለቃዬን ዋሸሁ። ውሸቱ ሦስት ቃል ነበር፦ «ለባንክ ብድር ነው»።

ያኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ እያስመጣ በጅምላ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቱን ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በሰው ሱቅ ተቀጥረው፣ ቀስ በቀስ የራሳቸውን ከፍተው እዚያ የደረሱ ነጋዴ ናቸው። ኮምፒውተር አያምኑም። እኔ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ያስገባሁትን ሁሉ እሳቸው ማታ ማታ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ ጥቁር መዝገብ ላይ ይጽፉታል። ሁለቱ ካልተስማሙ የሚታረመው ሁልጊዜ ፒችትሪው ነበር፤ ደግሞም ብዙውን ጊዜ ልክ ነበሩ። ሰው ሲሞትብን ለቅሶ ቤት ቀድመው ይገኛሉ፤ አባቴ ሲያርፍ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ አልጠፉም። ለበዓል የዶሮ መግዣ ሳይሰጡን አያሰናብቱንም። ደመወዝ መጨመር ላይ ግን እጃቸው ይከብዳል። በስድስት ዓመት ሁለት ጊዜ ነው የጨመሩልኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ የሚስማማኝ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ አየሁ። ደመወዙ «በስምምነት» ይላል፣ ልምዱ አምስት ዓመት። ከታች በትንንሹ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ የሥራ ልምድ ማስረጃ ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ማቅረብ፤ በግል ድርጅት የተገኘ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማረጋገጫ ማያያዝ። ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ይህን ዐረፍተ ነገር በቃሉ ይወጣዋል። ለአለቃዬ ልንገር ወይስ አልንገር ብሎ ማሰላሰል ጥሩ ነው፤ ግን የአለቃህን ፊርማና ማኅተም ሳትይዝ ማመልከት ካልቻልክ ግማሹ ጥያቄ አስቀድሞ ተመልሶልሃል። አሜሪካ ያለችው እኅቴ በስልክ «ምን ያስጨንቅሻል? አንቺ ሲቪሽን ላኪ፤ ሲቀጥሩሽ የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ሰጥተሽ ትወጫለሽ» አለችኝ። ማኅተም፣ ቲተር (የፈራሚው ስም ያለበት ማኅተም) እና የወጪ ደብዳቤ ቁጥር የሚባል ነገር ከረሳች ቆይታለች።

እውነቱን ልናገር ብዬም አስቤ ነበር። የከለከለኝ የመጋዘን ኃላፊያችን ጉዳይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ልጅ ቡና እየጠጡ ሳሉ ለጋሼ በቅንነት «ሌላ ሥራ እየሞከርኩ ነው፤ ድንገት እንዳይሆንብዎት ብዬ ነው» አላቸው። «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብለው መረቁት። በሳምንቱ የወንድማቸው ልጅ «ሥራ እንዲለምድ» ተብሎ አጠገቡ ወንበር ተሰጠው። በወሩ የመጋዘኑ ቁልፍ ሁለት ሆነ። በሁለተኛው ወር ደግሞ ተመልሶ አንድ ሆነ፤ ያም አንዱ በወንድማቸው ልጅ እጅ ነበር። የሞከረው ሥራ ሳይሳካለት ቀረ። ስምንት ወር ያህል ደመወዙን እየበላ፣ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ ቆሞ እያየ፣ የሚሠራው አጥቶ ተቀመጠ። አላባረሩትም፤ ክፉ ቃልም አልተናገሩትም። በመጨረሻ ራሱ ወጣ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ፤ እሱ ሁለተኛውን ሳይተክል የመጀመሪያውን ነቀለ።

ስለዚህ ዋሸሁ። ጋሼ ቢሮ ገብቼ የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ ጠየቅኩ፣ ትንፋሽ ሳልወስድም «ለባንክ ብድር ነው» አልኩ። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም ነበር። ይህን ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ስንት ልትበደሪ ነው?»

አፌ ላይ የመጣልኝን ቁጥር ጠራሁ። «ሰማንያ ሺህ።»

«ወለዱስ?»

«አሥራ ስድስት በመቶ ነው መሰለኝ።»

ቀይ እስክሪብቶውን አስቀመጡት። «ምን በወጣሽ ነው ለባንክ ወለድ የምትገፈግፊው? እኔ እሰጥሻለሁ። በሁለት ዓመት ከደመወዝሽ ቀስ እያልኩ እቆርጣለሁ፤ ወለድ የለውም።» መሳቢያውን ከፍተው የቼክ ደብተሩን አወጡ። «በይ ሂጂ፣ የወጪ ማዘዣውን ራስሽ አዘጋጂና አምጪው፤ ልፈርም።»

ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። በዚያ ቤት የወጪ ማዘዣ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ በቀን አሥርና አሥራ አምስት እጽፋለሁ። ካርቦኑን በሦስቱ ቅጠሎች መካከል አስገባሁ። «ተከፋይ» ከሚለው ፊት ለፊት የራሴን ስም ጻፍኩ፣ «ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት «ለሠራተኛ ብድር» አልኩ። የገንዘቡን ልክ በፊደል ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። ሰማንያ ሺህ ብር ማለት ሁለት ዓመት ማለት ነው። ከፈረሙልኝ ማመልከቻዬን መቅደድ አለብኝ፤ ካልወሰድኩት ደግሞ «ባንክ ሄዶ በወለድ የሚበደር ያለ ወለድ ሲሰጡት የማይቀበለው ለምንድን ነው?» ይባላል። ማዘዣውን «ተሰርዟል» ብዬ ከጥራዙ ላይ ተውኩት፤ ተከታታይ ቁጥር ስላለው ተቀድዶ አይጣልም። እዚያው ጥራዝ ውስጥ፣ በእጄ ጽሑፍ፣ ስሜ ከነውሸቴ ተቀመጠ። ኦዲተር ቢጠይቅ ምን ልለው ነበር?

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ «እኅቴ ከአሜሪካ እልክልሻለሁ አለችኝ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። «ይሻላል፤ ከእኅት የሚበልጥ የለም» ብለው የቼክ ደብተሩን መለሱ፤ የሥራ ልምዱንም ፈረሙልኝ። ከዚያ በኋላ ግን በሁለት በሦስት ቀኑ «እኅትሽ ላከች?» ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን እንዲያውም የዕለቱን የዶላር ምንዛሪ ጠይቀው ስንት እንደሚያስፈልጋት ወረቀት ላይ አስልተው ሰጡኝ። ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኳትም።

ፈተናውን አለፍኩ፣ ቃለ መጠይቁንም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የቢሮው ጸሐፊ የገቢ ደብዳቤዎችን ይዛ በጠረጴዛዬ ስታልፍ አንዱ ፖስታ ላይ የአዲሱን መሥሪያ ቤት አርማ አየሁ። ምን እንደሆነ ሳይነበብልኝ ገባኝ። ብዙ መሥሪያ ቤት እንደሚያደርገው፣ ያቀረብኩት የሥራ ልምድ በእርግጥ ከድርጅቱ የተሰጠ መሆኑ እንዲረጋገጥለት ጽፎ ነው። የቀረውን ፎርማሊቲ ሁሉ ሳስብ ይህን አለማሰቤ ይገርመኛል። «እባካችሁ ማረጋገጫውን ቅጥሬ ከጸደቀ በኋላ ጻፉ» ብዬ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ምን ይጎዳቸው ነበር? የዛሬ አመልካቾች እንዲህ ሲሉኝ እኔም እሺ ነው የምላቸው።

ጋሼ አስጠሩኝ። ደብዳቤው ጥቁሩ መዝገብ ላይ ተዘርግቷል።

«የባንኩ ብድር ይኸው ነው?»

ዝም አልኩ።

«የፈረምኩበትን ነው የሚጠይቁኝ፤ አዎ ፈርሜያለሁ እላቸዋለሁ። ሥራ መፈለግሽ አልከፋኝም። እኔም ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ስዞር ነው ያደግኩት።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ያን ቀን የቼክ ደብተሬን ሳወጣ ግን ፊት ለፊቴ ቆመሽ አየሽኝ።»

ማልቀስ የነበረብኝ ያኔ ነው፤ እኔ ግን ተናደድኩ። «የመጋዘኑን ልጅ ምን እንዳደረጉት አይቻለሁ» አልኩ።

ይህን አልጠበቁም። ጥቂት ቆይተው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ «ቁልፍ የያዘ ሰው ልሄድ ነው ሲለኝ፣ መቼ እንደሚሄድ ሳይነግረኝ፣ ምን ላድርግ? መጋዘኔን እግዚአብሔር ይጠብቀው ብዬ ልተኛ?» አሉ።

በዚያ ሰዓት ሰበብ መስሎኝ ነበር። አሁን ራሴ ሠራተኞች በሥሬ ስላሉ እውነት እንዳለበት አውቃለሁ። ልጁ የነገራቸው መልቀቁን አልነበረም፤ ቀን የሌለው ሐሳቡን ነው። ቀን የሌለውን ነገር አሠሪ እንደ ነገ አድርጎ ነው የሚቆጥረው፤ ተተኪ ያስቀምጣል፣ ቁልፍ ይወስዳል፣ አዲስ ነገር አያስተምርህም። ይህን ለማድረግ ክፉ መሆን አያስፈልገውም። ስለዚህ ሥራ መፈለጌን ለአለቃ ዛሬም አልናገርም፤ የምናገረው የቅጥር ውል በእጄ ሲገባና ቀኑን መጥራት ስችል ነው። አለመናገር ግን አንድ ነገር ነው፣ እኔ ያደረግኩት ሌላ።

የሚያሳፍረው ደግሞ ውሸቱ ጨርሶ አያስፈልግም ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደርደሪያዬ ላይ፣ ቦክስ ፋይል ውስጥ ነበር፤ ለትርፍ ሰዓትና ለዓመት ዕረፍት ሒሳብ እንጂ ለራሴ ገልጬው አላውቅም። አሠሪ፣ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የሚከፈለውን ደመወዝ የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። ለምን እንደፈለገው ያስረዳ የሚል የለበትም። ሥራ መፈለግም ከሥራ ከሚያሰናብቱት ጥፋቶች ጋር አልተዘረዘረም። ደብዳቤውን አውጥቼ ሳየው ደግሞ ከላይ የተጻፈው የባንክ ስም አይደለም፤ እንደማንኛውም የሥራ ልምድ «ለሚመለከተው ሁሉ» ነው የሚለው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የትንሿን ካዝና ቁልፍ በጸሐፊዋ በኩል አስጠየቁኝ። ሰጠሁ። ስድስት ዓመት አንገቴ ላይ በክር ታስሮ የነበረ ቁልፍ ነው፤ ቤት ገብቼም አንገቴን ስዳብስ ነበር።

ነሐሴ 18 ቀን የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያዬን በጽሑፍ አስገባሁ። አዋጁ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ጋሼ ጳጉሜንን ጨምረው በጣታቸው ቆጠሩና «መስከረም 13» ብለው መዝገባቸው ላይ ጻፉ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ፣ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ማስታወቅ ስላለበት ሒሳብ መዝጊያ ላይ ነን። አዲሱን መሥሪያ ቤት አስፈቅጄ እስከ መጨረሻዋ ቀን ቆየሁ። የባንክ ማስታረቂያውን ጨረስኩ፣ የዕቃ ቆጠራውን ከመዝገቡ ጋር አገናኘሁ፣ ለተተኪዬ አሥራ አንድ ገጽ የርክክብ ሰነድ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ግማሹን የሠራሁት ለጸጸቴ ነው። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጸሐፊዋ የዶሮ መግዣውን በፖስታ እያደረገች ስታድል የእኔም ስም ነበረበት፤ ልክ እንደ አምናው።

ክሊራንሱን፣ ማለትም ዕዳ እንደሌለብኝ የሚያረጋግጠውን ቅጽ፣ መጋዘኑም፣ ሽያጩም፣ ገንዘብ ያዡም ፈረሙ። የመጨረሻው ፊርማ የጋሼ ነበር፣ በቀይ። አዋጁ የመጨረሻ ክፍያ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈል ይላል፤ እሳቸው በሦስተኛው ቀን፣ ያልተጠቀምኩበትን የዓመት ዕረፍት ራሳቸው አስልተው፣ ሳንቲሙ ሳይቀር ከፈሉኝ። በር ላይ ስደርስ «እኅትሽን ሰላም በያት» አሉኝ። ስድብ ይሁን ምርቃት እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አሁን በሌላ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ ነኝ። የራሴን የሥራ ልምድ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ አስጽፋለሁ፣ ብፈልግም ባልፈልግም፤ ልማዴ ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አያይም። የሥራ ግብር ማረጋገጫ የሚፈርመው የእኔ ክፍል ስለሆነም በወር ሁለትና ሦስት ሰው ቢሮዬ ይመጣል። ለኤምባሲ ነው፣ ለትምህርት ነው፣ ለአክሲዮን ነው፤ አንዱማ ለእድር ነው ብሎኛል።

ባለፈው ሳምንት ከገንዘብ ያዦቻችን አንዱ፣ ጎበዝ ልጅ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ገባ። ሲቆም ጫማውን ነው የሚያየው። ፈረምኩ፣ ቲተሬን አሳረፍኩ፣ ማኅተሙን መታሁ።

«የፈለግኩት ለ…» ብሎ ጀመረ።

«አልጠየቅኩህም እኮ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። የሚለው ጠፋው፤ ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል እጁን ያዝኩት።

«ቆይ፣ ቀለሙ አልደረቀም።»