ባንኩ «ምስክር ይዘህ ና» ሲለኝ ያደረግሁት

ዓይነ ስውር ነኝ፤ አስተማሪም ነኝ። ደመወዜ በባንክ ነው የሚገባው። ኤቲኤም ካርድ ስጠይቅ ግን «ምስክር ይዘህ ና» ተባልኩ። «ለአንተው ብለን ነው ወንድሜ፣ እንዳትጭበረበር» አለኝ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ። እንዳልጭበረበር የገንዘቤን ጉዳይ ለሌላ ሰው ላሳይ ማለት ነው እንግዲህ።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ እንደ ምክንያት የሚጠቀሰው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728 ነው። የዓይነ ስውር ፊርማ በአዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። የተጻፈው እኛን ለመጠበቅ ነው፤ አገልግሎት ከልክሏቸው አይልም። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 12 የገንዘብ ጉዳያችንን ራሳችን የመምራት እኩል መብት ይሰጠናል።

ጓደኞቼ «ክሰሳቸው» አሉኝ። እኔ ግን ቀድሜ ወደ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሄድኩ። በማቋቋሚያ አዋጁ 210/1992 መሠረት ፍርድ ቤት የቀረበ ጉዳይ ኮሚሽኑ አይመረምርም። ስለዚህ ማንን ማስቀደም እንዳለባችሁ አስቡበት። አቤቱታ ማቅረብ በነጻ ነው፤ በቃልም ይቻላል። «ፎርም የሚሞላልህ ሰው አምጣ» መባል ለሰለቸው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ወረቀት ነው። ሥራ አስኪያጁ የከለከለበትን ምክንያት አልጽፍም ሲል ማመልከቻ አስገባሁና ኮፒዬ ላይ የገቢ ማህተም አስመታሁ። ከዚያ ወዲያ «መቼ ጠየቀን?» የሚባል ነገር የለም።

ኮሚሽኑ ፍርድ ቤት አይደለም። አይቀጣም፣ ካሳም አይፈርድም። መጀመሪያ የሚሞክረው ማስማማት ነው። እዚህ ላይ ቅሬታ ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም፤ መፍትሔም ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የጠየቅሁት ፎርሙ እንዲነበብልኝ፣ ውሉም በሶፍት ኮፒ እንዲላክልኝ ነው። ስልኬ ድምፅ አውጥቶ ያነብልኛል። ባንኩ ተስማማ፤ ካርዱም ተሰጠኝ።

ሌላ ቅርንጫፍ ሄጄ ቼክ ደብተር ስጠይቅ ግን ያው «ምስክር» መጣ! የአንድ ሰው አቤቱታ የአንድን ሰው ጉዳይ ነው የሚፈታው። ኮሚሽኑ ግን ነባር ሕጎች እንዲሻሻሉ ሐሳብ የማቅረብ ሥልጣንም አለው። አሁን ከማኅበራችን ጋር የምናዘጋጀው አቤቱታ የባንኮቹን አሠራር በሙሉ የሚመለከት ነው፤ አንቀጽ 1728 ራሱ እንዲፈተሽም እንጠይቃለን።